ጀርባው ነጭ እንጆሪ

ልብስ ሰፊ ልብስ ሲያይ ፊቱን አያይም። ገልብጦ ውስጡን ነው የሚያየው። በፊቱ በኩል ማንም ማስመሰል ይችላል፤ ክሩ የት እንደተቋጠረ፣ ጨርቁ የት እንደተቀጠለ፣ ማን እንደቸኮለና ማን እንደተጠነቀቀ የሚታወቀው በውስጡ ነው። የደንብ ልብስ በሚሰፋበት ፋብሪካ «መርፌ» የሚሏት ሴትዮም ዕድሜዋን ሙሉ ስትገለብጥ የኖረች ናት። መርፌ ያሏት ስለምትሰፋ አይደለም፤ እዚያ ቤት የማይሰፋ የለም። ቀጭን ስለሆነችና ነገሯ ስለሚወጋ ነው። አለቃው እንኳ ኮሌታ ይዞ ወደ እሷ ሲመጣ ገና ከሩቁ መሳቅ ይጀምራል፣ ስድቡ ቢቀልለት ብሎ።

ይህች ሁሉን ገልብጣ የምታይ ሴት፣ ሳትገለብጥ ያመነችው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ታናሽ እህቷን።

ታናሽየዋን ሁሉም ሰው ሚጡ ነው የሚላት። ሦስት ልጅ ወልዳም፣ ሽበት አብቅላም ሚጡ ናት። አባታቸው አንድ ቀን «መጣሁ» ብሎ ከቤት ወጣ፤ እስከ ዛሬ እየመጣ ነው። እናታቸው ከሰው ቤት ልብስ እያመጣች ስትሰፋ፣ ትልቋ ትንሿን አዝላ፣ አጉርሳ፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ ትምህርት ቤት አድርሳ አሳደገቻት። ሚጡ ስታጠፋ እንኳ የምትቆነጠጠው መርፌ ነበረች። «አንቺ ትልቋ እያለሽ!» ይባላል፣ ቁንጥጫው ይከተላል፤ ሚጡም ከበሩ ጀርባ ሆና ታያለች።

እናትየዋ ሀብት አልነበራትም፤ ምስጢር ግን ነበራት። ከአሮጌው የጡብ ፋብሪካ በስተጀርባ ሰፊ ጠፍ መሬት አለ፤ እዚያ መሬት ላይ፣ ሰው ዞር ብሎ በማያየው ተዳፋት ውስጥ፣ አንድ የእንጆሪ ቁጥቋጦ ነበር። እንጆሪ ደግሞ ምን ምስጢር አለው የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ በየመንገዱ ዳርና በየአጥሩ ሥር ያለው እንጆሪ ምስጢር የለውም። ቅጠሉ በፊትም በጀርባም አረንጓዴ ነው። ፍሬው ቀይ እንደሆነ ይቀራል፣ ቢበሉትም ጥርስ ውስጥ ከመግባት ሌላ ጥቅም የለውም። የተዳፋቱ ግን ሌላ ነበር። ልምጩ ዱቄት የተነፋበት ይመስል ነጣ ያለ ነው። ቅጠሉን ሲገለብጡት ጀርባው ባዘቶ እንደተለጠፈበት ነጭ ነው። ፍሬው መጀመሪያ ይቀላል፣ ቆይቶ ይጠቁራል፣ ሲጠቁርም አመድማ ፀጉር ያወጣል። ሲለቅሙት ከእንብርቱ ተላቆ ውስጡ ባዶ ሆኖ ይመጣል፤ ልክ መርፌ እንዳይወጋት ልብስ ሰፊ ጣቷ ላይ እንደምታጠልቀው ቆብ። ሁለቱ እህትማማቾች አሥር ጣታቸው ላይ አሥር እንጆሪ እየሰኩ፣ ማን ቀድሞ እንደሚጨርስ እየተወራረዱ ይበሉት ነበር። የተረፈው ማርማላታ ይሆናል፤ እናትየዋም ማርማላታውን ለሰው ስታቀምስ ከየት እንደመጣ ትንፍሽ አትልም።

ሕጉ ጥብቅ ነበር። ወደዚያ ሲኬድ ዙሪያ ጥምዝ ነው የሚኬደው። ባልዲው ላይ የቆሸሸ ልብስ ይደረባል፣ ያየ ሰው ሊያጥቡ ነው እንዲል። ለጎረቤት አይነገርም፣ ለጓደኛ አይነገርም፣ ለባልም ቢሆን አይነገርም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጫፉ አለ። የዚህ እንጆሪ ልምጭ ሲረዝም ይጎብጣል፤ ጎብጦ ጫፉ መሬት ከነካ እዚያው ሥር ይሰድና ሌላ ቁጥቋጦ ይሆናል። እንዲያ እንዲያ እያለ ወደ መንገዱ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ እናትና ልጆች በሄዱ ቁጥር፣ ገና አንድ ፍሬ ሳይለቅሙ፣ የወረደውን ጫፍ ሁሉ እያነሱ ወደ ውስጥ ይሸጉጡታል። «ከአጥር የወጣ እንጆሪና ከአፍ የወጣ ነገር አይመለስም» ትል ነበር እናትየዋ። ተረቱን ራሷ ናት የፈጠረችው፤ ከእሷ ሌላ ሲለው የተሰማ የለም።

ስትሞት ሁለቱን ክፍል ቤት ለትልቋ ተወችላት። ሚጡ ያኔ አግብታ ስለነበር «ያገባች ቤት አላት» ተባለ። ያገባችው ሰው ግን ከጥሩ ጠባዩ በቀር ምንም አልነበረውም፤ በኪራይ አንድ ክፍል ጀመሩ፣ በዚያው ክፍል ሦስት ልጅ ወለዱ። መርፌ በየሳምንቱ ትጠይቃቸዋለች፤ ለልጆቹ ሱሪ ትሰፋለች፣ ያጠረውን ታስረዝማለች። ያን አንድ ክፍል ግን አንድም ቀን «ይጠባችኋል ወይ?» ብላ አልጠየቀችም። ክፋት አልነበረም። አልመጣላትም፣ በቃ።

የጡብ ፋብሪካው ሊፈርስ ነው፣ ከጀርባው ያለው መሬትም ተደልድሎ የመኖሪያ ሕንፃ ሊቆምበት ነው የሚለውን ወሬ መርፌ የሰማችው በምሳ ሰዓት፣ ከኮሌታ ክፍሏ ሴት አፍ ነው። ያነሳችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠች። በዚያ ሰሞን ከፋብሪካው ደረጃ ወድቃ ጉልበቷን ተጎድታ ስለነበር ተዳፋቱን ካየችው ከርማለች።

«ምን ሆነሻል? የአያትሽ ርስት አለበት እንዴ?» አለች የኮሌታዋ ሴት።

«ዛፍ ምናምን ካለ አይቆርጡትም ነበር እኮ» አለች መርፌ፣ እንደ ዘበት።

«የማይገኝ ዓይነት ከሆነማ ይተዉታል አሉ። ሳይቆፍሩ በፊት የዕፅዋት ክፍሉን ይጠይቃሉ፤ እዚያ ያለው ሰውዬ ይቅር ካለ ያቺን ጥግ አጥረው ያልፏታል። ያለሽ ነገር ካለ ዛሬውኑ ሂጂ፤ ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ነው።»

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቃ ሄደች። የዕፅዋት ክፍል የሚሉት ከጣሪያ እስከ ወለል ቁምሳጥን የተደረደረበት፣ ናፍታሊን የሚሸት አዳራሽ ነው። በየመደርደሪያው የደረቀ ቅጠል በወረቀት ላይ ተዘርግቶ፣ ግንዱ በክር ተሰፍቶ ተቀምጧል። መርፌ ገና ሰላም ሳትል አንዱን አንስታ ስፌቱን አየች።

«ይሄን ማን ነው የሰፋው?»

«እኔ ነኝ» አለ አንድ መነጽር ያደረገ፣ እጀታውን የሰበሰበ ሰው።

«አይ ልጄ!»

ሰውየው ሳቀ። «ምን ልርዳዎት እማማ?»

«እማማ አትበለኝ፣ ገና ጡረታ አልወጣሁም።»

«ይቅርታ እትዬ።» ወንበር ሳበላት። ከዚያች ቀን ጀምሮ መርፌ በሆዷ «የቅጠሉ ሰውዬ» አለችው፤ መልካም ሰውም ነበር። የልምጩን ንጣት፣ የቅጠሉን ጀርባ፣ የፍሬውን ጥቁረት ስትነግረው ጣልቃ ሳይገባ ሰማት፤ ስትጨርስ ተነስቶ ሦስት አራት የእንጆሪ ወረቀት አመጣና ፊቷ ዘረጋ። አንዱም የእሷ አይደለም።

«እንዳሉኝ ከሆነ በዚህ አካባቢ ያልተመዘገበ ዓይነት ነው» አላት፣ ደስታውን ለመደበቅ እየታገለ። «ግን እንጆሪ አስቸጋሪ ነው፤ በወሬ አይለይም። የዘንድሮው ልምጭና ያምናው ልምጭ ቅጠላቸው ላይመሳሰል ይችላል፤ ብዙ ሰው አንዱን ተክል ሁለት ያደርገዋል፣ ሁለቱን አንድ። ስለዚህ ሁለት ቁራጭ ያስፈልገኛል፤ አንዱ የዘንድሮው፣ ገና ያላበበው፤ ሌላው ያምናው፣ አበባ ወይ ፍሬ የያዘው። ከሁሉም የሚሻለው ግን ቦታውን ያሳዩኝና እኔው ልምጣ።»

ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ይህንን ስህተት ደግሞ የዚያች እናት ልጅ ካልሆነች ሌላ ሰው አይሠራውም።

«ቦታውን አላሳይም» አለች መርፌ።

«እትዬ፣ ቦታው ያልታወቀ ቅጠል ለእኛ ድርቆሽ ነው። እዚህች ጥግ ላይ የት እንደሚበቅል እጽፋለሁ፤ ካልጻፍኩ ዋጋ የለውም።»

«ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ነው አልኩህ እኮ! ይሄንን መናገሬም በዝቷል። ሥፍራውን የምነግርህ ምን እንደሆነ ስትነግረኝ ነው። ቅጠሉ እጅህ ይገባል።»

ሰውየው አየት አደረጋትና ተወው። በዚያ ሁሉ ጠፍ መሬት ላይ አንድ ቁጥቋጦ ብቻውን ፈልጎ ለማግኘት ጊዜም አልነበረም። መርፌም ያንን ያህል በመናገሯ እንኳ ሰው ፊት ልብሷን ያወለቀች ያህል አፍራ ወጣች። እናቷ ከመቃብር ብትነሳ መጀመሪያ የምትቆነጥጠው እሷን ነው። ከባዳ የተደበቀ ነገር ከቤት ሰው አይደበቅም የሚለው ግን፣ ያቺ የተረት ባለሙያ እናቷ ሳትፈጥረው የሞተችው ተረት ነው።

የሚጡ ቤት አንዲት ክፍል በመጋረጃ ተከፍላ ሁለት የሆነች ናት። ከመጋረጃው ወዲያ ልጆቹ በተደራራቢ አልጋ ላይ ይተኛሉ፤ ወዲህ ባልና ሚስት፣ ምድጃው፣ ጀሪካኖቹና የልብስ ሻንጣዎቹ። መርፌ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ስትነግራት ሚጡ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ቢላዋው ቆመ።

«ሕንፃውን ሊያስቆሙት ይችላሉ ማለት ነው?»

«ሕንፃውን ሁሉ አይደለም ባክሽ። ያቺን ጥግ ብቻ ያልፏታል።»

«አንድ ጥግ ሲያልፉ አንድ ሕንፃ ቀረ ማለት ነዋ።»

«ይቅራ! ለማን ብዬ ነው?»

ሚጡ ሽንኩርቱን መክተፍ ቀጠለች። ቆየት ብላ በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠራረገችና «አንቺ በዚህ ጉልበትሽ አትወጪውም፤ እኔ እሄዳለሁ» አለች። መርፌ ተነስታ ሳመቻት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። የራሷን መቀስ፣ ማንም እንዲነካው የማትፈቅደውን፣ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠቻት፤ የዘንድሮው የትኛው፣ ያምናው የትኛው እንደሆነ ደጋግማ አስረዳቻት። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይላሉ። መርፌ የሚጡ ሆድ መባሱን አላወቀችም፤ መቀሱን አዋሰች።

ሚጡ ቃሏን ጠበቀች። ሄደች፣ ቆረጠች፣ መንገዴ ነው ብላም በቀጥታ ለቅጠሉ ሰውዬ አደረሰችለት። መቀሱን ልትመልስ ስትመጣ ክንዷ ከእጅ አንጓዋ እስከ ክርኗ ተቧጥሯል። መርፌ ያንን ስታይ ቅባት አምጥታ፣ እያንዳንዱን ጭረት እያባበሰች ቀባቻት። «እንደ ልጅነታችን» አለች። ሚጡ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከቀናት በኋላ መልሱን ያመጣችው እሷው ናት። «የመንገድ ዳሩ ነው አለ፣ እታለም። የትም የሚገኘው።»

መርፌ አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። የዚያን ሰሞን ፋብሪካ ውስጥ እጀታ አዙራ ሰፋች፤ በሥራ ዘመኗ ሆኖ የማያውቅ ነገር ነው፣ አለቃው ራሱ ደንግጦ ሳይናገራት አለፈ። የከነከናት ቁጥቋጦው ብቻ አልነበረም። እናቷ ትመጣባታለች። ያ ሁሉ ዙሪያ ጥምዝ መንገድ፣ በባልዲ ላይ የተደረበው እራፊ፣ ያ ሁሉ ሹክሹክታ ለምን ነበር? ማንም ደጁ ላይ ያለውን ነገር ነው ስንደብቅ የኖርነው? እናቷን ስታፍርባት ተሰማት፤ በማፈሯ ደግሞ ራሷን ጠላች።

አልቻለችም። ሳምንታት ካለፉ በኋላ አንድ ቀን ከሥራ ወጥታ እያነከሰች ወደ ዕፅዋት ክፍሉ ሄደች።

«እንኳን መጡ» አለ የቅጠሉ ሰውዬ። «አዝነውብኛል መሰለኝ። ላሳይዎት።» ወረቀቱን ከቁምሳጥን አወጣው። ሁለቱ ልምጮች ተሰፍተዋል፤ ስፌቱን አሻሽሏል። እንደ ሥራው ደንብ አንዱን ቅጠል ገልብጦ፣ ጀርባው እንዲታይ አድርጎ ነው የለጠፈው።

ጀርባው አረንጓዴ ነው።

«ይሄ የኔ አይደለም» አለች መርፌ።

«እህትዎ ናቸው ያመጡልኝ።»

«ይሄ የመንገድ ዳሩ ነው!»

«እኮ እትዬ፤ እኔም ያልኩት እሱኑ ነው።»

«ይሄ የኔ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያርገው! ጀርባው ነጭ ነው አላልኩህም?»

«ብለውኛል። ሰው ደግሞ በትዝታው ያነጣዋል ብዬ...» ሰውየው አልጨረሰውም። መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። ምን እንደተፈጠረ ገባው፤ «ይቆፈር» የሚለውን ፊርማውን ግን ከላከው ሰንብቷል። በራሱ መኪና ይዟት ሄደ።

ተዳፋቱ አልነበረም። መሬቱ ተደልድሎ ቀይ አፈር ብቻ ሆኗል፤ መኪናው ጠርጎ፣ ጭኖ፣ ወዲያ ወስዶ ደፍቶታል። ሁለቱም ከአፈሩ ውስጥ አንዲት ሥር፣ አንዲት ቅጠል ሲፈልጉ ቆዩ። የሚቆፍሩት ሰዎች «ምን ጠፋባችሁ?» ብለው ጠየቁ። መርፌ፣ አፏ ከለመደው ሕግ የተነሳ፣ «ቁልፍ ነው» አለች።

ያን ምሽት የሚጡን በር ስትከፍት ልጆቹ እያጠኑ ነበር። «ውጪ ላናግርሽ» አለቻት፤ ግቢው ውስጥ፣ ከውሃው ቧንቧ አጠገብ ቆሙ።

«የትኛውን ነው የቆረጥሽው ሚጡ?»

የሚጡ እንባ ዱብ ዱብ አለ። «እኔ መች ለይቼ አውቃለሁ እታለም? ለኔ እሾህ ያለው ሁሉ አንድ ነው። ገብቼ እጄ የያዘውን ቆረጥኩ። የመንገድ ዳሩ ከጎኑ በቅሎ ኖሯል፤ በምን ልወቀው?»

መርፌ አመነቻት። ሁሉን የምትገለብጠው ሴት ይህንን አልገለበጠችም፤ ብትገለብጠው የምታየውን ነገር የምትሸከምበት ትከሻ አልነበራትም። ይልቅ ጥፋቱን ወደ ራሷ አመጣችው። እማዬ የምታስረዳው ለእኔ ነበር፤ ለዚች ልጅ ፍሬውን ከማጉረስ በቀር ማን አስተማራት? «ተይ በቃ፣ አታልቅሺ። ያላስተማርኩሽ እኔ ነኝ» አለቻት። እናም እዚያው ቧንቧው ሥር፣ ትልቋ ለትንሿ ይቅርታ ጠየቀች። ሚጡ ተቀበለች።

ሕንፃው እስኪቆም ሁለት ዓመት ያህል አለፈ። አንድ ቀን ሚጡ ፋብሪካው በር ድረስ መጥታ «እታለም፣ ቤት ደረሰን!» ብላ አቀፈቻት።

«እሰይ! የት?»

«እዚያው... ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ያለው።»

«መቼ ተመዘገባችሁ?»

«ቆይቷል» አለች ሚጡ፣ የነጠላዋን ጫፍ እያፍተለተለች።

መርፌ «እንኳን ደስ ያላችሁ» አለች። ጥርጣሬ ቢመጣባትም ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው። ሰው ቤት አይሻም እንዴ? ሦስት ልጅ ይዞ! እንዲያውም በዚህ በመጠርጠሯ ራሷን ለመቅጣት ያህል፣ ለአዲሱ ቤት መጋረጃ ልትሰፋ ተነሳች። ጥሩ ጨርቅ መረጠች፣ ገበር አደረገችበት፣ ጠርዙን በእጇ ሰፋችው። በፋብሪካው ያሉት ሴቶች ሲያዩት «ይሄ ለሙሽራ ነው» አሉ።

ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ጉልበቷን እየደገፈች ወጣች። ቤቱ ብርሃን ነበር። ልጆቹ የየራሳቸውን በር እየከፈቱ እየዘጉ አሳዩዋት፤ ባልየው መጋረጃውን በወንበር ላይ ቆሞ ሰቀለ፣ ወደ ሥራውም ሄደ። ሚጡ ሻይ ልታፈላ ወደ ማድቤት ገባች። መጋረጃ ደግሞ ከውስጥ ብቻ አይታይም፤ መርፌ ከውጪ በኩል ገበሩ እንዴት እንደወደቀ ልታይ በረንዳው ላይ ወጣች።

ከተሰጣው ልብስ ጀርባ፣ አንገቱ የተቆረጠ ትልቅ ጀሪካን አፈር ተሞልቶ ቆሟል። ከውስጡ ነጣ ያለ ልምጭ ወጥቶ ጎብጧል። ጫፉ ግን መሬት አልነካም። የወረደው ጫፍ ሁሉ ተነስቶ፣ በጥንቃቄ ወደ ውስጥ ተሸጉጧል።

መርፌ ቅጠሉን ገለበጠችው። ነጭ ነው።

«ሻዩን እዚህ ላምጣልሽ?» እያለች ሚጡ ብቅ አለች፤ እህቷ በጣቶቿ የያዘችውን ስታይ ከነትሪው ደፉ ላይ ቆመች።

«ይሄ ምንድን ነው ሚጡ?»

«እንጆሪ ነው።»

«የትኛው?»

ሚጡ ትሪውን መሬት አስቀመጠችው። «የእማዬ።»

«መቼ ነው የቆረጥሽው?»

«በዚያው ቀን።»

«እኔ በላክሁሽ ቀን?»

«በዚያው ቀን። ሥር የያዘ ጫፍ ነበረ፤ ነቀልኩት። ለሰውየው የሰጠሁትን ስመለስ ከመንገድ ዳር ቆረጥኩለት።»

«ለይተሽ እንግዲህ።»

«እንዴት አልለየውም? እኔም እኮ ልጇ ነኝ!» ሚጡ አሁን አላለቀሰችም፤ ፊቷ ደም መስሏል። «አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ ያወቅሽው? ቤቱ ያንቺ ሆነ፣ ቦታው ያንቺ ሆነ፣ እማዬም ያንቺ ሆነች። እኔ ሦስት ልጅ በአንድ መጋረጃ ሳሳድግ፣ አንድ ቀን እንዴት አላችሁበት ብለሽ ጠየቅሽኝ? ሱሪ ታስረዝሚያለሽ! ልጆቹ የሚረዝሙበት ቤት የላቸውም ነበር እታለም!»

«ብትነግሪኝ ኖሮ—»

«ብነግርሽ ትተዪው ነበር?»

መርፌ ትተወው እንደሁ አታውቅም፣ ላትተወውም ትችላለች። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ ሚጡ ቤቱን መፈለጓንም፣ እንጆሪውን መሠዋቷንም መርፌ ባይገባት እንኳ ልትችለው ትችል ነበር። የማትችለው ሌላ ነው።

«ቤቱን ተይው። ቤቱ ይገባሻል» አለች ቀስ ብላ። «ክንድሽን ቅባት ስቀባልሽ ምነው ዝም አልሽ? ቧንቧው ሥር ይቅርታ ስለምንሽ ምነው ዝም አልሽ? ዛሬም አንቺ አጥፍተሽ የተቆነጠጥኩት እኔ ነኝ። ያኔ ልጅ ነበርሽ። አሁን ምንድን ነሽ?»

«ውሰጂው» አለች ሚጡ፣ ጀሪካኑን እየጠቆመች። «ላንቺ ብዬ ነው ያተረፍኩት።»

«ለእኔ ብለሽ ከልብስ ጀርባ ደበቅሽው?»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። መርፌ ጀሪካኑን አልነካችም። ቦርሳዋን ከፍታ ያንኑ መቀስ አወጣች፤ የዘንድሮውን ልምጭ ቆረጠች፣ ፍሬ የያዘውን ያምናውን ቆረጠች፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለቻቸው። ከዚያ ወደ ውስጥ ተመልሳ የመጋረጃውን አንድ ያዘቀዘቀ ጠርዝ አቃናች፤ ሥራ በግማሽ ትቶ መሄድ አልለመደባትም። ሻዩን ሳትጠጣ ደረጃውን ወረደች።

የቅጠሉ ሰውዬ ጨርቁን ፈታው። በማጉያ መነጽሩ እሾሁን አየ፣ ልምጩን አየ፣ ፍሬዋን ከእንብርቷ አላቀቃት፤ ባዶ ሆና ወጣች። ቅጠሉን ገለበጠው። ከዚያ ቀና ብሎ እንደ ልጅ ሳቀ። «እውነትዎን ነበር እትዬ! እርስዎም እናትዎም እውነታችሁን ነበር። በዚህ አገር ሙሉ አንድም ሰው አላመጣልኝም።» አንድ ረጅም ስም ነገራት፤ መርፌ ለመያዝ አልሞከረችም። እማዬ አልተሳሳተችም። ያንን ስትሰማ ብቻ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ሰውየው አዲስ ወረቀት ዘርግቶ እስክሪብቶ አነሳ። እጁ ጥጓ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ የባለፈውን አስታውሶ፣ እየፈራ ጠየቃት። «እንግዲህ ቃል ገብተውልኛል። የት ነው የሚበቅለው?»

መርፌ ከልጅነቷ ጀምሮ ይህንን ጥያቄ ለጎረቤት፣ ለጓደኛ፣ ለማንም መልሳ አታውቅም።

«ጻፍ» አለችው። «እህቴ ቤት። ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ በተሠራው ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በረንዳው ላይ። ከተሰጣው ልብስ ጀርባ ነው፤ ገለጥ ካላደረጉት አይታይም።»

ሰውየው ጽፎ ሲጨርስ ቀና አለ። «ሰው ሄዶ ሊያየው ይችላል?»

«ማንም ይሂድ» አለች መርፌ፣ መቀሷን ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች። «ከእኔ በቀር።»